ስለ ጓሮ ቲማቲም ዘሮች፤ ከቦሌ እስከ አያት

የጓሮ አትክልት ለቤተ ሰብ ጤና፥ ለወጪ ቍጠባና ለዓይን ደስታ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ መሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በየቤቱ ጓሮ ጎመን፥ ቃሪያ፥ ሰላጣና ጤና አዳም ተተክሎ ማየት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ቲማቲምም ከነዚህ ጋራ ቦታውን ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ጤፍ የሚገዛ ሰው ነጭ፥ ቀይ፥ ሠርገኛ እያለ ለይቶ ሲጠይቅ፥ ቲማቲም ሲገዛ ቀይና ጠንካራ መሆኑን በጣቱ ጫን ብሎ ከማየት በቀር ዘሩ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቲማቲምም እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ብዙ ዘር አለው፤ እያንዳንዱም ዘር የሚወደው አፈር፥ የሚችለው ብርድና የሚስማማው ወጥ ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ከቦሌ ተነሥተን እስከ አያት ድረስ ባሉት ሰፈሮች በየጓሮው ያየናቸውንና በራሳችንም መደብ ላይ ጎን ለጎን ተክለን ያስተያየናቸውን የቲማቲም ዘሮች ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

አስቀድመን ስለ ተክሉ ትውልድ ጥቂት እንናገር። የቲማቲም የዱር ወገኖች የሚበቅሉት በደቡብ አሜሪካ ምዕራብ፥ በፔሩና በኤኳዶር አገር ነው፤ ሰው አልምዶ በእርሻ ያሻሻለው ግን በሜክሲኮ ነው። የዚያ አገር የጥንት ሰዎች «ቶማትል» ይሉት ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት እስጳንያውያን ወደ ኤውሮፓ አመጡት፤ ኢጣልያኖችም ትርጕሙ «የወርቅ ፖም» የሆነ ስም ሰጡት። ቲማቲም የድንች፥ የቃሪያና የትንባሆ ዘመድ ነው፤ ከነዚሁ ወገን መርዝ ያላቸው ተክሎች ስላሉ፥ በኤውሮፓ ብዙ ሰዎች ለረጅም ጊዜ መብላቱን ፈርተው ለጌጥ ብቻ ይተክሉት ነበር። እኛ «ቲማቲም» የምንለው ስም ዐረቦች «ጠማጢም» ከሚሉት ጋራ የተቀራረበ ነው። በርበሬያችንም ቢሆን ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ሁለቱም እንግዶች ሆነው መጥተው ዛሬ ባለ ቤቶች ሆነዋል፤ ይልቁንም በጾም ወራት ስልሱም ፍትፍቱም ሰላጣውም ያለ ቲማቲም አይታሰብም።

አሁን ወደ ቦታው እንመለስ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ በተዛወረበት በ1950ዎቹ ዓመታት፥ ከማረፊያው ወደ ምሥራቅ ያለው አገር አብዛኛው ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ እየበዛ፥ መንገዱ እየሰፋ ሄደ። ሲኤምሲ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ቤቶችን ከሠራ የኢጣልያ የሕንፃ ኩባንያ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየአቅጣጫው ተሠሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከአያት በመገናኛ በኩል አድርጎ የሚያልፈው የከተማ ባቡር ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለው ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለውን ጎዳና ፊቱን ለውጦታል። እንዲህ ሆኖም ከትልቁ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰው፥ በገርጂም በጉርድ ሾላም በሲኤምሲም ከቆርቆሮው አጥር ኋላ አራትና አምስት ክንድ የምታህል መደብ አያጣም።

የአፈሩ ነገር ዋና ነው። በቦሌ፥ በገርጂና በሰሚት በኩል ያለው መሬት አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ከጫማና ከዶማ ላይ አልላቀቅ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ይህ አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ ሲሆን፥ ሥሩ ውሃ ላይ ሲቆም የሚታመመውን ቲማቲም ግን ያስጨንቀዋል። ወደ ሰሜን፥ ወደ ኮተቤና ወደ የካ ተራራ ግርጌ ሲወጡ መሬቱ ዘቅዘቅ ስለሚል ውሃ አይቆምበትም፥ አፈሩም ቀላ ያለ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ አንዱ ጎረቤት «ይህ ዘር መልካም ነው» ሲል ሌላው «ከንቱ ነው» ቢል ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ከአፈሩም ይልቅ የሚከብደው የአየሩ ነገር ነው። የቦሌ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ነው። በአገራችን የቲማቲም ዘር ከሚመረጥባቸው ቦታዎች ዋናው ግን በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው፤ ይህም ከአዳማ አጠገብ፥ በአዋሽ ወንዝ አካባቢ፥ 1,550 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞቃት ስፍራ ይገኛል። በሁለቱ መካከል 780 ሜትር ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ እንደሚቀንስ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የመልካሳው ቲማቲም ወደ ቦሌ ሲወጣ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጐድልበታል። በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የከተማችን ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የቲማቲም አበባ ደግሞ የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ያህል ሲያንስ ዱቄቱ በሚገባ አይበስልለትም፤ ስለዚህ አበባው ይረግፋል፥ ወይም ፍሬው ጠማማ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በቦሌ የዘር ምርጫ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ብርድ የሚችለውን መፈለግ ነው።

እኛም በገርጂ በኩል ባለው ጓሮአችን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ መደብ ሠርተን፥ መረሬውን በፍግ፥ በአሸዋና በብስባሽ ለውሰን፥ ልዩ ልዩ ዘሮችን በአንድ ቀን ዘርተን በአንድ ቀን አዛወርናቸው። የተመለከትነው ሦስት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ብርዱን ማለፉን፥ ሁለተኛ በሽታውን መቻሉን፥ ሦስተኛ በማዕድ ቤት የሚሰጠውን ጥቅም።

ከዘሮቹ ሁሉ በዕድሜ ከበሬታ የሚገባው ማርግሎብ ነው። ይህ ዘር በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኞች ማርቭልና ግሎብ ከተባሉ ሁለት ዘሮች ተዳቅሎ በ1925 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) የወጣ ነው፤ ስሙም የሁለቱ ወላጆቹ ስም ቅልቅል ነው። በአገራችንም ለብዙ ዘመን ተተክሏል። ፍሬው ድቡልቡል፥ ሥጋው ውሃማና ለስላሳ፥ ጣዕሙም ጣፋጭና ኮምጣጣ በመጠኑ የተቀላቀለበት ነው። በቃሪያና በሽንኩርት ለሚሠራ ሰላጣ ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው። ቁመቱ ስለሚረዝም ግን በእንጨት መደገፍ፥ በግንዱና በቅጠሉ ብብት መካከል የሚያቈጠቍጠውንም ትርፍ ቅርንጫፍ በጣት መንቀል ያስፈልጋል። በእኛ መደብ በየካቲት የተተከለው በሚገባ አፈራ፤ በመስከረም መጨረሻ የተተከለው ግን የታኅሣሥ ብርድ ባገኘው ጊዜ ብዙ አበባውን አረገፈ።

ሁለተኛው ሮማ ነው። በ1955 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በዚያው በአሜሪካ ተዘጋጅቶ ወጣ፤ በኋላም ከአፈር የሚነሡትን ሁለት የማጠውለግ በሽታዎች እንዲቋቋም ተሻሽሎ «ሮማ ቪ ኤፍ» ተባለ። ፍሬው ሞላላ፥ ሥጋው ወፍራም፥ ፍሬ ዘሩ ጥቂት ነው። ተክሉ ቁጥቋጦ ሆኖ ስለሚቆም ብዙ ድጋፍ አይፈልግም። ለስልስና ለወጥ ቶሎ ስለሚጠነክር ባለ ሙያ ወይዛዝርት ይመርጡታል። ጉድለቱ ይህ ነው፤ ውሃ አንድ ጊዜ በዝቶ አንድ ጊዜ ሲቋረጥበት የፍሬው ጫፍ ይጠቁራል፥ ይበሰብሳልም። ይህም ውሃው ሲቋረጥ ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ፍሬው ጫፍ ስለማይደርስ የሚመጣ ነው እንጂ ተላላፊ በሽታ አይደለም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮማን የሚተክል ሰው ውሃ በበርሜል ሊያጠራቅምለት፥ ሥሩንም እርጥበት እንዲይዝ በሣር ወይም በጭድ ሊሸፍንለት ይገባል።

ሦስተኛዎቹ በአገራችን የተመረጡት የመልካሳ ዘሮች ናቸው። መልካሾላና መልካሳልሳ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለገበሬ የተሰጡ ናቸው። መልካሳልሳ ስሙ እንደሚነግረን ለቲማቲም ድልህ የታሰበ ነው፤ ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ሆኖ በአንድ ተክል ላይ ብዙ ይይዛል። መልካሾላ በፍሬው ከፍ ይላል፤ ለድልህም ለሰላጣም ይሆናል። ከነርሱ በኋላ ከወጡት መካከል ቢሾላ በፍሬው ትልቅነት፥ ፈጣን ደግሞ ቶሎ በመድረሱ የታወቁ ናቸው። በእኛ መደብ ከነዚህ አራቱ ብርዱን በደኅና ያለፈው መልካሳልሳ ሆኖ አገኘነው። ፈጣን በመልካሳ ምድር እንደ ስሙ ቢሆንም፥ በቦሌ ብርድ ግን እርምጃው ዝግ አለ። ቢሾላም ጥቂት ነገር ግን ያማሩ ፍሬዎች ሰጠ። ከዚህ የምንማረው የዘር ምስክርነት በተመረጠበት አገር እውነት ቢሆንም፥ ወደ ሌላ አየር ሲሄድ እንደ ገና መፈተን እንዳለበት ነው።

አራተኛዎቹ በውጭ አገር በቤተ ሰብ እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ የኖሩ የቅርስ ዘሮች ናቸው። በአሜሪካ በ1975 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) እንዲህ ያሉትን አሮጌ ዘሮች የሚሰበስብና ከአባሎቹ መካከል የሚያለዋውጥ ማኅበር ተቋቁሟል። ከነዚህም ስመ ጥሩው ብራንዲዋይን ነው፤ ቅጠሉ የድንች ቅጠል ይመስላል፥ ፍሬው ትልቅና ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ቀይ ነው፥ ጣዕሙም ከሁሉ የላቀ ነው እየተባለ ይመሰገናል። ሌላው ትርጕሙ «ዕዳ ከፋይ» የሚል ስም ያለው ነው። ባይልስ የተባለ በዌስት ቨርጂንያ የሚኖር የመኪና ራዲያተር ጠጋኝ በ1930ዎቹ ዓመታት ትልልቅ ቲማቲሞችን እያዳቀለ ይህን ዘር አወጣ፤ ችግኙንም አንዱን በአንድ ዶላር እየሸጠ በስድስት ዓመት ውስጥ 6,000 ዶላር የቤት ዕዳውን ከፈለ ይባላል። ለእርሻ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በጓሮው ይህን መሥራቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ትልልቅ ዘሮች በቦሌ እንደ ስማቸው አይሆኑም። ፍሬያቸው ትልቅ እንዲሆን አበባቸውም ትልቅና የተደራረበ ስለ ሆነ፥ በብርድ ጊዜ ፍሬው ተጨማዶና ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ለመብሰልም ረጅም ጊዜ ስለሚፈልጉ፥ ሊቀሉ ሲሉ የክረምቱ ዝናብ ይደርስባቸዋል። ደግሞም ከውጭ አገር የሚመለሱ ዘመዶች ዘር በሻንጣ ይዘው ሲመጡ በደግ ልብ መሆኑን ብናውቅም፥ ያለ ፈቃድ ዘር ማስገባት በዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ የተከለከለ መሆኑን ማሳሰብ ግዴታችን ነው። ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም። በ2014ና በ2015 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በእስራኤልና በዮርዳኖስ የታየው የቲማቲምን ፍሬ የሚያጨማድድ ቫይረስ በዘር ላይ ተጣብቆ ወደ ብዙ አገሮች ተጉዟል። ቅጠሉንና ፍሬውን እየሰረሰረ የሚያጠፋው የቲማቲም ብልም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ በ2004 ዓ.ም. በአገራችን ታይቷል።

አምስተኛው ቼሪ የተባለው ትንሹ ቲማቲም ነው። ፍሬው ከወይን ፍሬ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በአንድ ዘለላ ላይ ግን እጅግ ብዙ ይይዛል። ብርዱንም ከሌሎቹ ይልቅ ችሎ በታኅሣሥ እንኳ ማፍራቱን አላቋረጠም። በአያትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ቤተ ሰቦች በአሮጌ ባልዲና በጆንያ አፈር ሞልተው በረንዳቸው ላይ ሲተክሉት አይተናል፤ በተለይም የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በምሥራቅ በኩል ባለው በረንዳ ላይ መልካም ሆኖ ያፈራል። ሕፃናትም እንደ ከረሜላ እየቀጠፉ ስለሚበሉት አትክልት አልበላም ለሚል ልጅ መድኃኒት ነው። ለስልስ ግን ልጣጩ ስለሚበዛ እምብዛም አያገለግልም።

ስድስተኛውን ለመጨረሻ ያቈየነው ስም ስለሌለው ነው። በገርጂና በጉርድ ሾላ አሮጌ ግቢዎች በጥቂት ቤቶች ያገኘነው ነው። ፍሬው ከዶሮ ዕንቍላል ያንሳል፥ ጠፍጠፍ ያለና ጐኑ እንደ ዱባ መስመር መስመር ያለው ነው። ልጣጩ ስስ ስለ ሆነ ከተቀጠፈ በኋላ ሦስት ቀን አይቈይም፤ በዘንቢል ጥቂት መንገድ ቢሄድ ይፈነዳል። ኮምጣጣነቱ ግን ለጾም ስልስ ሎሚ አያስፈልግም ያሰኛል። በአንድ መደብ ከማርግሎብና ከሮማ ጋራ ስንተክለው በኅዳርም በታኅሣሥም አበባውን ሳያረግፍ ፍሬ ያዘ። ይህም የሆነው ባለ ቤቶቹ በየዓመቱ ብርዱን ካለፈው ተክል ላይ ዘር እየያዙ መልሰው ሲዘሩት ስለ ኖሩ ነው ብለን እናምናለን። በመልካሳ ምሁራን በትምህርት የሚሠሩትን ምርጫ እነዚህ እናቶች በጓሮአቸው በትዕግሥት ሠርተውታል።

ዘሩ ምንም ዓይነት ቢሆን ጊዜውን ካልጠበቁለት አያፈራም። በቦሌና በአካባቢው ሁለት ወቅት አለ። የመጀመሪያው በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር ዘርቶ፥ ችግኙን ቤት ጥግ ከብርድ ጠብቆ፥ በየካቲት ማዛወር ነው፤ ይህም ሲሆን ፍሬው ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ይደርሳል። ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ በመጠለያ ሥር ዘርቶ ከመስቀል በኋላ ማዛወር ነው፤ ይህኛው ብርድ ለሚችሉት ዘሮች ብቻ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ያለ መጠለያ የተተወ ቲማቲም ግን ቅጠሉና ግንዱ ውሃ የነካው መስሎ ይጠቁርና በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። ይህ በሽታ ከ1845 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረኀብ ያመጣው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቲማቲምን ድንች በነበረበት መደብ ላይ ወይም ከድንች አጠገብ መትከል አይገባም። ውሃም በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ማጠጣት ነው። ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ የሚወርዱት ወንዞች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ስለሚገባባቸው፥ የነርሱን ውሃ ለጓሮ አትክልት መጠቀም ለጤና ያሰጋል፤ የቧንቧ ወይም ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሾላ ገበያም ሆነ በሌላ ስፍራ የምናገኘው ቲማቲም አብዛኛው ከመቂ፥ ከባቱና ከአካባቢው በጭነት መኪና የሚመጣ ነው። ነጋዴው የሚፈልገው ልጣጩ ወፍራም፥ ሥጋው ጠንካራ፥ በሣጥን ተጭኖ ሳይፈነዳ የሚደርስ ቲማቲም ነው፤ ገበሬውም ይህን የሚያሟላውን ድቅል ዘር ይዘራል። በዚህ ነጋዴውንም ገበሬውንም የሚወቅስ የለም፤ ይህን ሁሉ የከተማ ሕዝብ የሚመግበው እርሱ ነውና። ነገር ግን የድቅል ቲማቲም ዘር ተመልሶ ቢዘራ ወላጁን አይመስልም፤ አንዱ ወደ አባቱ ሌላው ወደ እናቱ እየሄደ ይበታተናል። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንደሚባለው ነው። ማርግሎብ፥ ሮማ፥ የመልካሳዎቹና የቤት ዘሮቹ ግን በየዓመቱ ቢዘሩ ያንኑ ይመልሳሉ፤ የቲማቲም አበባ ብዙውን ጊዜ በራሱ ዱቄት የሚፀንስ ስለ ሆነ፥ ሁለት ዘሮችን ጥቂት እርምጃ አራርቆ መትከል ይበቃል። እንግዲህ ገበያ የሚያቈየው መንገድ የሚችለውን ዘር ነው። መንገድ የማይችለውን፥ ነገር ግን ብርዳችንን የሚችለውንና የሚጣፍጠውን ዘር የሚያቈየው ቤት ብቻ ነው፤ ቤቱ ከተወው ሌላ ባለ አደራ የለውም።

አገራችን ስለ ዘር አደራ የምታፍርበት ታሪክ የላትም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት የጤፍ፥ የገብስ፥ የማሽላና የሌላውንም እህል ዘር በብርድ ክፍል ያስቀምጣል። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ በ1989 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። እርሳቸው ለማሽላና ለስንዴ ያሰቡትን ለጓሮ ቲማቲም ማሰብ ለማንም ቤተ ሰብ የሚቻል ነው።

የዚህንም አስፈላጊነት ያስረዱን በጉርድ ሾላ በኩል የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ናቸው። ያ ስም የሌለው ቲማቲም ከእናታቸው እጅ የመጣላቸው እርሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ለልማት ሊፈርስ፥ እርሳቸውም ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ሊዛወሩ ቀን በተቈረጠበት ሰሞን ሄደን ስንጠይቃቸው፥ ዕቃው ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተከምሮ ነበር። «እማማ፥ ይህን ሁሉ ዛፍ ትተው ሲሄዱ አይከብድዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፥ ኮኩ አይሄድልኝም፥ ጌሾውም አይሄድልኝም፤ ይኸ ግን ይሄድልኛል» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ከጥፍር የማትበልጥ ጠፍጣፋ ዘር የሞላበት ወረቀት አሳዩን። ከዚያም ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን ሰጡን፤ «እኔ ጋ ቢጠፋ እናንተ ጋ ይገኛል» አሉን። ዛሬ በመደባችን ያለው የእርሳቸው እኩሌታ ነው። እርሳቸውም በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በሁለት ባልዲ ተክለውታል።

ዘር አያያዙ ቀላል ነው። ከሁሉ ቀድሞ ብርዱን ካለፈው፥ በሽታም ካልነካው ተክል ላይ ፈጽሞ የበሰለ ፍሬ ይመረጣል። የመጀመሪያውን ያማረ ፍሬ ለማዕድ አድርጎ የተረፈውን ለዘር ማድረግ ልማድ ቢሆንም መልካም አይደለም፤ ለዘር የሚገባው የተሻለው ነው። ፍሬው ለሁለት ተቈርጦ ዘሩ ከነውሃው በብርጭቆ ይጨመቃል፤ ከዚያም ሦስት ወይም አራት ቀን ተሸፍኖ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ላዩ ይሻግታል፥ ሽታውም ይከብዳል፤ ነገር ግን በዘሩ ላይ ያለው ሙልጭልጭ ሽፋን የሚለቀው በዚህ ነው። በኋላ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፥ የሚንሳፈፈውን ጥሎ፥ ወደ ታች የሰመጠውን በሸክላ ሳሕን ላይ በጥላ ማድረቅ ነው። ሲደርቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የዘሩ ስም፥ የተለቀመበት ወርና ዓመት ይጻፍበታል። እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ቢቀመጥ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይበላሽ ይቈያል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት በሚል ስም የጓሮ ልማት ሥራ በአገራችን በሰፊው ተነሥቷል፤ በየክፍለ ከተማውም በከተማ ግብርና የተሾሙ ሠራተኞች አሉ። ችግኝና ምክር ከማደል ጋራ፥ በዓመት አንድ ቀን፥ ምናልባት ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፥ በየወረዳው ጎረቤቶች ዘር የሚለዋወጡበት ቀን ቢወሰን ወጪው ትንሽ፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ክቡራን አንባቢዎቻችንም በበኩላቸው ይህን ያደርጉ ዘንድ እንለምናለን፤ ከአንድ ገበያ ዘር ይልቅ ሁለት ሦስት ዘሮችን በጓሮአቸው ጎን ለጎን ተክለው ይመልከቱ፤ ለቤታቸው የሚስማማውን ሲያገኙ ዘሩን ይያዙ፤ ከያዙትም ለሁለት ጎረቤት ያካፍሉ። ስም የሌለውን ቲማቲም ለመሞከር የሚወድ አንባቢ ቢኖርም ከመጪው የግንቦት ለቀማ የሚተርፈንን ዘር በደስታ እናካፍለዋለን።